ግራሶ ያማራት የፍሬን ሸራ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ድሮ ድሮ፣ ብረት አፍ አውጥቶ በሚያወራበት ዘመን፣ አያ ድንበሩ የሚባል ሰው ነበር። ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለች ገደል የምትወጣና የምትወርድ አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ነበረችው።

አያ ድንበሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሩን ፈታትቶ ግራሶ የሚሉትን የብረት ቅባት ያድላል። «ሰንሰለት፣ እንኪ ያንቺን! ፔዳል፣ እንካ ያንተን! ሞላ፣ ና ተቀበል!» ይላል። ምንም የማይደርሳት የኋላ ፍሬን ሸራ ብቻ ናት። እሷ ታምቡር በሚሉት ክብ ብረት ውስጥ ትቀመጥና ፔዳል ሲረገጥ ታምቡሩን ጥርቅም አድርጋ ይዛ ጎማውን ታቆማለች።

አንድ ቅዳሜ ሸራ አኮረፈች።

«እኔስ የእንጀራ ልጅህ ነኝ? ሁሉም ሲወዛ እኔ ብቻ ገርጥቼ ልቅር?»

«አባቴም ሸራ ቀብቶ አያውቅ። ለምን እንደሆነ እንጃ» አላት።

«ቁልቁለት ላይ የማተርፍህ እኔ! ግራሶ የሚበላው ሌላ!» ብላ ትነፋረቅ ጀመር።

አያ ድንበሩ የሰው ለቅሶ ማየት አይችልም። ሆዱ ባባና በጣቱ ዛቅ አድርጎ ለቀለቃት።

በማግስቱ እሁድ፣ ቆላ የተዳረችው ልጁ የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና ታስነሳለች። ገደሉን ካልወረደ በሌላው መንገድ ሁለት ቀን ያስኬዳል። ማልዶ ተነሣና ፍሬኑን ሞከረ። ሞተሯ ሽው ብላ የሚስቱ የወይዘሮ አምሳለ ጎመን ውስጥ ገባች።

«አንተ ሰነፍ!» ብሎ ፔዳል ላይ ጮኸ።

«የረገጥከኝን ያህል ወርጃለሁ። ሸራን የሚስብልኝን ገመድ ጠይቀው» አለ ፔዳል።

ገመዱን አጥብቆ ሞከረ። ጎመን ውስጥ ገባ።

«እንደ ክራር ወጠርከኝ እኮ! ከዚህ በላይ ከሳብከኝ እበጠሳለሁ። ሞላን ጠይቀው» አለ ገመድ።

ሞላውን አውጥቶ መልሶ ገጠመ። አሁንም ጎመን ውስጥ ገባ።

«የእኔ ሥራ ሸራን ወደ ቦታዋ መመለስ ነው። ሄዳ ካልያዘች ምን ልመልስ?» አለ ሞላ።

ወይዘሮ አምሳለ ነደደች። «አንተ ሰውዬ፣ ጎመኔን ጨረስከው! በዚህ ፍሬን ነው ገደል የምትወርደው? ልጄ ለክርስትና የጠመቀችውን ጠላ ለተዝካርህ ታድርገው?»

አያ ድንበሩ እየተነጫነጨ ታምቡሩን ከፈተ። ሸራ ሆዬ እንደ ሙሽራ ወዝታ ተቀምጣለች።

«ምነው አልያዝሽም?»

«ልይዝ ስል ያንሸራትተኛል!» ብላ አለቀሰች።

ራሱን ያዘ። «በገዛ እጄ! ሦስቱን ስጠረጥር አረፈድኩ፣ ጥፋቱ የእኔው!»

በቤንዚን አጠባት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጋት። «አቃጠልከኝ!» ብትል «ዝም በይ!» አላት። ከዚያ ሲሞክር ሞተሯ ከተረፈችው አንዲት ጎመን ፊት ቀጥ ብላ ቆመች።

ገደሉን ወረደ። ሸራ መንገዱን ሁሉ ሲጢጥ እያለች ጮኸች፤ ግን አንድም ጊዜ አልለቀቀችም። አያ ድንበሩ የልጅ ልጁን አቅፎ ሳመ። ከዚያ ወደ ሞተሩ ተመለሰና ታምቡሩን ከፍቶ በጋቢው ጫፍ የሸራን አቧራ ጠረገላት።

«ይኸውልሽ ያንቺ ድርሻ» አላት።

ልጆቼ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሰጠ ሁሉ እኩል አካፈለ እንዳትሉ። ለእያንዳንዱ የሚበጀውን ያወቀ ነው ያካፈለ። ተረቴም እዚህች ላይ ፍሬን ያዘች።