ለልምምድ የተጠራ ቤት

«በር ለመዝጋት አይሠራም፤ ለመዝጋቱማ ግድግዳ ይበቃል።» አንድ ሰው ነበረ፤ አባቱ ይህችን ቃል እየደጋገመ ያሳደገው። ልጄ፣ «ጠዋት ማታ እጸልያለሁ፤ እግዚአብሔር ለምን ዝም አለኝ?» ብለህ ስለ ጠየቅኸኝ የዚህን ሰው ነገር ልንገርህ።

ሰውዬው ሚስቱን ቀብሮ፣ ልጅ ሳይኖረው፣ በከተማ ዳር ብቻውን ያረጀ ነው። አንድ ቀን ተማሪዎች መጡ። ለትምህርታቸው አጭር ፊልም ሊሠሩ ነው። ታሪኩ አባቱን ጥሎ ስለ ሄደና ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ተመለሰ ልጅ ነው፤ ያረጀ በር ሲፈልጉ የሰውዬውን በር አይተው ወደዱት። ቀረጻው ቅዳሜ ስለሆነ እስከዚያ ይፈቀድልንና እንዘጋጅበት አሉ። ሰውዬው እሺ ለማለት ጊዜም አልፈጀበት፤ ደጁ ላይ የሰው ፊት ካየ ሰንብቷልና። ዳይሬክተር የሆነችው ልጅ ግን ቁርጡን ነገረችው።

«አባባ፣ እርስዎን አናስቸግርም። የምንፈልገው በሩን ብቻ ነው።»

በሩን አስዘግተው ሥራቸውን ተከፋፈሉ። አንዱ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትመጣ ያያል፤ ሌላው ካሜራው የሚቆምበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት ያደርጋል። ልጁን ሆኖ የሚጫወተው ተማሪ ደጁ ላይ ቆሞ ይጣራል። ሰውዬው ደግሞ ውስጥ ሆኖ ቆሎ ቆላ። ሁለቱን በርጩማዎች ፊት ለፊት አስቀመጠ፤ የቀሩት መደቡ ላይ ይቀመጣሉ። ሲያበቁ መግባታቸው መቼም አይቀርም ብሎ ነው።

«ቤቶች!» አለ ተማሪው ከደጅ።

«ደጆች!» አለ ሰውዬው፤ ጋቢውን አስተካክሎ ሊከፍት ተነሣ።

ልጆቹ ሳቁ። ልምምድ ነው ብለው አስረዱት፤ አፍሮ ተመለሰ። ነገር ግን ቤቶች ሲባል ዝም ብሎ የሚቀመጥ ባለቤት የት አለ? ተማሪው ዳግመኛ ሲጣራ መለሰ፤ አሁንም አመለጠው። ልጅቷ አፏን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠግታ በትሕትና ለመነችው፦ «አባባ፣ እባክዎ፣ ስንጠራ አይመልሱልን።»

ከዚያ ወዲያ ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ። ውጭ ልጅቷ ተጫዋቹን ታርመዋለች። «ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው መሰልክ እኮ፤ የናፈቀህ አባትህ ነው» ትለዋለች። ልጁም ይጣራል። እየዋለ እየዋለ ድምፁ ለሰለሰ፣ የእውነት መሰለ። ሰውዬው የጋቢውን ጫፍ ጎርሶ እንባውን አፈሰሰ። በዕድሜው ሙሉ እንደዚያ የጠራው ሰው የለም፤ መልሱን ግን ተከልክሏል።

ጀምበር ሲያዘቀዝቅ አበቁ። ሰውዬው ሊያስገባቸው በሩን ሲከፍት እነሱ ዕቃቸውን ሸክፈዋል፤ አመስግነውት እንዳይመሽባቸው መንገድ ጀመሩ። ተጫዋቹ ብቻ ዞር ሲል ዓይኑ በተከፈተው በር ገባ፤ በርጩማዎቹንና ያልተነካውን ቆሎ አየ። ጓደኞቹ ሲጠሩት ተከተላቸው። ሰውዬው ቆሎውን ብቻውን ሊበላ ሞከረና ተወው።

በማግሥቱ ያው ድምፅ ከደጅ «ቤቶች!» አለ። ሰውዬው ከተቀመጠበት አልተነሣም፤ አትመልስ ተብሏላ። ድምፁ ደገመ። የልጆቹን ሥራ እንዳያበላሽ ብሎ አፉን በእጁ ያዘ። ልጁም ሰው የለም ብሎ ሊመለስ ምንም አልቀረው።

እንግዲህ ልጄ፣ አምላክ እንደዚያ ሰው ብቸኛ ነው አልልህም፤ እሱ ምንም አይጎድለውም። ያንተን ጥሪ ግን አጠገብህ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ቃሉን አትስትም፤ ድምፅህም ያምራል። ነገር ግን «ጌታ ሆይ፣ ስማኝ» ብለህ ሳትጨርስ መጽሐፍህን አጥፈህ ትሄዳለህ። ቢመልስልህስ የት ያገኝሃል? አንተ የተለማመድከው መጣራቱን እንጂ መግባቱን አይደለም። ዝምታው ቤቱ ባዶ ስለሆነ እንዳይመስልህ። ልጁስ ምን አደረገ ብትለኝ፣ አልተመለሰም። ያን ያማረ ድምፅ ትቶ በገዛ ድምፁ ተናገረ፤ ሰውዬውም ተነሥቶ ከፈተ። ስሙን እንኳ የማያውቀው ያ እንግዳ ልጅ ያለው ይህን ነበር፦

«አባባ፣ ዛሬ ልምምድ የለንም። ብቻዬን ነኝ፤ ትንሽ ቁጭ ልበል ብዬ ነው የመጣሁት።»