ዛጎል የሌለው እንግዳ

ተረቴን ስሙኝ፤ ከሌሊቶች በአንዱ፣ ከባሕር ሥር፣ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ማደሪያ ፍለጋ ወደ አንድ ድንጋይ ተጠጋ። በድንጋዩ ሥር የሚኖረው ሸርጣን በጨለማው ዳሰሰውና፣ «ዛጎል የለህ፣ እሾህ የለህ። የማን ወገን ነህ?» አለው።

«እንጃ፤ መልኬን እንኳ አይቼው አላውቅም።»

«እንግዲያው ማን እንደሆንክ ስታውቅ ና!» ብሎ ገፈተረው።

ይሄኔ አንድ ጠላቂ ሰው በባትሪ እያበራ መጣ። ባትሪው ራሱ፣ ብርሃኑ ቀንድ አውጣው ላይ ሲያርፍ፣ «ስምህን አላውቀውም፤ ግን እንዴት ያማረ ቀይ ነህ!» አለው። ሸርጣኑም ቅላቱን አየ።

ጠላቂው ሲሄድ ጨለማው ተመለሰ።

«አሁንስ?» አለ ሸርጣኑ፤ «መብራቱ እኮ ሄደ።»

«ይሂድ፤ እኔ አሁንም ቀይ ነኝ።»

ሸርጣኑ ጥቂት አሰበና ፈቀቅ አለለት።