የአቶ ሽብሩ ጭስ

በአንድ ከተማ የፋብሪካ ጭስ እየለካ የሚተዳደር የመንግሥት ተቆጣጣሪ ነበር። አንድ ቀን ከአቶ ሽብሩ ሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ላይ ወጥቶ ለካና፣ «ጭሱ ከልክ አልፏል፤ ማጣሪያው እስኪጠገን ምድጃው ይቁም» አለ።

አቶ ሽብሩ ተቆጡ። በጭሱ ተማረው አቤት ለማለት የመጡትን የሰፈር ሽማግሌዎች ሰብስበው፣ «ይህ ሰው የጭስ ልኬት ሥልጠናውን ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሐሰት ከሆነ ራሱ ይናገር» አሉ።

ነገሩ እውነት ነበር። ቢክድ ውሸታም፣ ቢያምን አላዋቂ ሊባል ነው። ሰውየው እንዲህ ሲል መለሰ፦

«እውነት ነው ጌታዬ፤ ሁለቴ ወድቄያለሁ። በሦስተኛውም ያለፍኩት አሠልጣኙ ፊቴን ማየት ሰልችቶት ነው። እንግዲህ የእርስዎ ጭስ ለእኔ ለደነዙ እንኳ ከታወቀኝ፣ ጎበዙ የመጣ ዕለት ምን ይውጥዎታል?»