ሁለት መስመር ለሦስት ስም

በአንድ ወቅት፣ ቴኒስ የሚጫወት ሰው በጣት በሚቆጠርባት አንዲት የደጋ ከተማ፣ ሦስት ሴቶች ነበሩ። ከተማዋ ብዙ የምትኮራበት ነገር የላትም። አንድ ነገር ግን አላት፤ ከድሮው የእርሻ ትምህርት ቤት ጀርባ፣ የውጭ አገር መምህራን ትተውት የሄዱት የሣር ቴኒስ ሜዳ። ሌላው በሲሚንቶና በቀይ አፈር ላይ ሲጫወት እነዚህ ሦስቱ የለመዱት ሣር ነው። የከተማዋ ክለብ ማለትም እነሱ ናቸው። የሚጫወቱትም በጥንድ ነበር፤ ከመረቡ ወዲህ ሁለት፣ ከመረቡ ወዲያ ሁለት። ችግሩን ከወዲሁ ሳትገምቱት አልቀራችሁም።

ታላቋ ስንዱ ናት። የስፖርት መምህርት፣ ዕድሜዋ ሠላሳ ሰባት፣ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ጉልበቷ የሚነግራት። ሌሎቹን ሁለቱን ራኬት ያስያዘቻቸው እሷ ናት። የመክፈቻውን ምት፣ ሰርቩን፣ ስትመታ ተቀባይዋ የምታገኘው ኳሷን ሳይሆን ድምፁን ነው ይባልላታል።

መካከለኛዋ ትርሲት ልብስ ሰፊ ናት። እጇ ፈጣን ነው፤ መረቡ ሥር ከቆመች ኳስ አታልፋትም። ከስንዱ ጋር አሥር ዓመት በጥንድ ተጫውተዋል። አንዷ ስትስት ሌላዋ "አይዞሽ" ትላለች፤ ሜዳ ላይ ከዚያ የበለጠ ወሬ የላቸውም።

ታናሿ ዝማም የሜዳው ተንከባካቢ ናት። የማጨጃው ሞተር ከተበላሸ ቆይቷል፤ ስለዚህ ሣሩን በማጭድ ታስተካክልና ውሃ የሞላ በርሜል እያንከባለለች ትደለድለዋለች። ሣር ላይ ኳስ ብዙ አትነጥርም፤ ተንሸራታ ዝቅ ብላ ነው የምታልፈው። ዝማም የት ላይ እንደምትንሸራተት ቀድማ ታውቃለች። "ያሳደግኩት እኔ፤ ጠባዩን እንዴት አላውቅም?" ትላለች።

ባሕር ማዶ፣ እኛ ዘንድ ክረምቱ ሲገባ የሚጀመር አንድ ትልቅ የሣር ሜዳ ውድድር አለ። ሴቶቹ ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ ለብሰው ይጫወታሉ፤ እዚያ መግባት ብቻውን ስም ነው። አንድ ዓመት ስንዱና ትርሲት እስከ መጨረሻው ማጣሪያ ደረሱ። የመጨረሻዋ ነጥብ ላይ ኳሷ ወደ ጥግ ስትሸሽ ትርሲት ተወርውራ መለሰቻት። ነጥቡ የእነሱ ሆነ፤ ቦታውም ተገኘ። ትርሲት ስትነሳ ግን የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር። ስንዱ ማልቀስ ስትጀምር ትርሲት ተቆጣቻት።

"ምን ያስለቅስሻል? ገብተናል እኮ!"

ደንቡ ውድድሩ ሳይጀመር የተጎዳችን ተጫዋች በሌላ መተካት ይፈቅዳል። ይህን የሰማች አንዲት ስመ ጥር የውጭ ተጫዋች፣ ጥንዷ የታመመችባት፣ ለስንዱ ደወለችላት። "ከእኔ ጋር ግቢ፤ ዋንጫው የእኛ ነው" አለቻት። ዋንጫ! ስንዱ ዕድሜ ልኳን ስትመኘው የኖረችው ነገር። አንድ ቀን አሰበችበትና "አመሰግናለሁ፤ እኔ ሰው አለኝ" ብላ መለሰች። ሰው ያለቻት ከከተማዋ ወጥታ የማታውቀውን ዝማምን ነው። ሰዉ አበደች አለ። እኔም አብሬ ብያለሁ፤ አልዋሽም።

ዝማም የመጀመሪያው ቀን አንድ ኳስ ሳትመታ ሜዳውን ዞራ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሣሩን በመዳፏ ዳሰሰችና "እንደ እኛው ነው። እዚህ ጋ ሳስቷል፤ ኳሷን እዚህ ጣይልኝ" አለች። ስንዱ ጣለችላት፤ ኳሷም ሳትነጥር እዚያው ሞተች። አንድ ግጥሚያ አሸነፉ፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። የስንዱ ጉልበት ሲያብጥ ዝማም የሁለት ሰው ሜዳ ለብቻዋ ሮጠች። ግማሽ ፍጻሜ ላይ በጥቂት ተሸነፉ፤ ከተማዋ ግን ያን ቀን ያሸነፈች ይመስል ስትጨፍር ዋለች።

ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ ክለብ በሚቀጥለው ዓመት ያለ ማጣሪያ ይገባል። ቅጹ በግንቦት መጣ። ለስም የተተወለት ቦታ ሁለት መስመር ነው። ማንን እንደሚልክ ክለቡ ይወስን ይላል። የትርሲት እጅ ድኗል። ሦስቱም መሄድ ይፈልጋሉ፤ ፍላጎታቸውንም አልደበቁም። ወደድኩላቸው። "እኔ ይቅርብኝ" የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ እንዲለመን ነው።

ነገሩ ሳይከር በሽማግሌ ይታይ ተባለ። ሽማግሌዎቹ ወፍጮ ቤት ያላቸው ጋሽ ደግፌ፣ ጡረታ የወጡት አዋላጅ እትዬ ሙሉነሽ፣ ሦስተኛ እኔ ነበርን። ጋሽ ደግፌ ቴኒስ አይተው አያውቁም።

"ለምን ሦስት ሆናችሁ አትገቡም? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?" አሉ።

እንደማይቻል ተነገራቸው።

"እንግዲያው ዕጣ ይውጣ።"

"ጋሼ፣ በእርስዎ ፍርድ ብቀር በእርስዎ እናደዳለሁ" አለች ዝማም። "በዕጣ ብቀር በማን ልናደድ?"

ተሳቀ፤ ዕጣውም ቀረ። ከዚያ እያንዳንዷ ተናገረች።

"የዘንድሮው የመጨረሻዬ ነው" አለች ስንዱ። "ሐኪሙ ከዚህ ወዲያ ጉልበትሽ አይችልም ብሎኛል። በእጄ የመጣ ዋንጫ ትቼ ነው ከራሴ ሰው ጋር የገባሁት።"

"በሩን የከፈትኩት በአጥንቴ ነው" አለች ትርሲት። "ያንን ሣር ግን እስከ ዛሬ የማውቀው በቴሌቪዥን ነው።"

"ይህን ቅጽ ያመጣው የተጫወትነው ጨዋታ ነው" አለች ዝማም። "ተተኪ ተብዬ ገባሁ፤ ተተኪ ነበረች ተብዬ ልውጣ?"

ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ጋሽ ደግፌ ኮፍያቸውን አወለቁና መልሰው አጠለቁ። ይህኔ እትዬ ሙሉነሽ አንድ ዘዴ መጣላቸው። ማን ትቅር ብለው አልጠየቁም። እያንዳንዷን ለብቻዋ ጠርተው "አንቺ የምትሄጂ ብትሆኚ ከማን ጋር ትሄጃለሽ?" አሏት። እርስ በርስ የሚመራረጡ ሁለት ከተገኙ ፍርዱ ተገኘ ማለት ነው።

ስንዱ "ከዝማም ጋር" አለች። "ትርሲትን እወዳታለሁ። ግን አንድ ጊዜ ነው የቀረኝ፤ ማሸነፍ እፈልጋለሁ። ሣሩን የምታውቀው ዝማም ናት።"

ዝማም "ከትርሲት ጋር" አለች። "እስካሁን የቆምኩት በእሷ ቦታ ነው። አሁን አጠገቧ መቆም እፈልጋለሁ። ሁለታችንም ገና ነን፤ ከአንድ ዓመት በላይ እንዘልቃለን።"

ትርሲት "ከስንዱ ጋር" አለች። "አሥር ዓመት ከኋላዬ ቆማለች። ዞሬ አይቻት አላውቅም፤ እንዳለች አውቃለሁ። የመጨረሻ ጨዋታዋን ከሌላ ሰው ጋር ስትጫወት ማየት አልችልም።"

እትዬ ሙሉነሽ ተመልሰው ቁጭ አሉ።

"እህሳ?" አሉ ጋሽ ደግፌ።

"ዞረብኝ። ሦስቱም ተመርጠዋል፤ አንዷም ግን በመረጠቻት አልተመረጠችም።"

"ቂም ይዛ የመረጠች አለች?"

"የለችም።"

"እሱ ነው ያቃጠለን" አሉ ጋሽ ደግፌ። "አንዷ ክፉ ብትሆን ኖሮ እስካሁን ፈርደን ምሳችንን በልተን ነበር።"

እያንዳንዷ የመለሰችውን ሦስቱም እንዲሰሙት ተደረገ። እንዳይቀያየሙ ፈርቼ ነበር። ስንዱ ቀድማ ሳቀች፣ ዝማም ተከተለች፤ ትርሲት እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። የፈረዳችሁትን እንቀበላለን፣ የምትቀረዋም እስከ መሄጃው ቀን አብራ ታለማምዳለች ብለው ቃል ሰጡ። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አሉ፤ ስሙን በገዛ እጃቸው አይጽፉም። ራኬታቸውን ይዘው ወደ ሜዳው ሄዱ፤ ሁለቱ ወዲህ፣ አንዷ ወዲያ፣ በየተራ እየተቀያየሩ መጫወት ጀመሩ። ለዚያች ከተማ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተስፋ አድርጌ አላውቅም።

ቅጹ ግን ያን ቀን ከሰዓት መላክ ነበረበት። ጋሽ ደግፌ "እኔ የማውቀው ወፍጮ ነው" ብለው እስክሪብቶውን ለእትዬ ሙሉነሽ ሰጡ። እትዬ ሙሉነሽ "እኔ ስንት ልጅ አዋለድኩ፤ ይኼ ነው መልሱ ብሎ የተወለደ ግን የለም" ብለው ለእኔ አቀበሉኝ። ከመስኮቱ ማዶ የኳሷ ድምፅ ይሰማኛል። ሁለት ስም ጻፍኩና ላክሁት።

የማንን እንደጻፍኩ አልነግራችሁም፤ እኔ ብዙ ተሰድቤበታለሁ፣ ተራው የእናንተ ነው። አንዷ ቀርቧት የነበረውን ዋንጫ ትታለች፤ ዳግም ዕድልም የላትም። አንዷ በሩን ከፍታ ደጅ ቀርታለች። አንዷ ገብታ ለክለቡ ቦታውን አስገኝታለች። እስክሪብቶው እናንተ እጅ ላይ ቢሆን፣ የትኞቹን ሁለቱን ትጽፉ ነበር? ለሦስተኛዋስ ሜዳው ድረስ ሄዳችሁ ምን ትሏት ነበር?