በስሜ ካልተጠራሁ ያለው ሰውዬ

እኛ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ተጠርቶ «እኔን በስሜ ማን ጠራኝ?» ብሎ የሚቀር ሰው አይጠፋም። ያን ጊዜ አንዱ ብድግ ብሎ አንዲት ተረት ይተርትበታል፤ የሰማ ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን አልስቅም። ተረቷ ከየት እንደመጣች አውቃለሁ፤ ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የጫጩት ማስፈልፈያችን ኃላፊ አቶ ልሳኑ ይባላል። እንቁላሉን የሚያሞቀው ትልቁ ሳጥን ያለው ግቢው ማዶ፣ ለብቻው ክፍል ውስጥ ነው። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ በኔትወርኩ መስመር ለቢሮ ኮምፒውተሮች በሙሉ «ለሁሉም!» ብሎ ማስጠንቀቂያ ይልካል። የዕለቱ ተረኛ ማን እንደሆነ ማሽኑ አያውቅማ! የሰማ ይድረስልኝ ነው ነገሩ።

አቶ ልሳኑ ይኼ አልዋጥልህ አለው። ሌሎቹም መሣሪያዎች «ለሁሉም» እያሉ ይላላካሉ፤ ማተሚያው «አለሁ» ይላል፣ አዲስ የተሰካው «እዚህ ማን አለ?» ይላል። ኮምፒውተሬ የተንቀራፈፈው በዚህ ጫጫታ ነው ብሎ ድርቅ አለና የኔትወርክ ባለሙያችንን ምንትዋብን አስጠራት። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ስሚ፣ ይቺ የመስመሩ ገመድ የሚሰካባት ካርድ ማጣሪያ አላት አይደል?»

«አላት። በራሷ አድራሻ የመጣውን ትቀበላለች፤ ለሁሉም የተባለውንም ትቀበላለች። የሌላውን ትጥላለች።»

«በይ ለሁሉም የሚባለውንም ትጣልልኝ! እኔ ኃላፊ ነኝ፤ ከማተሚያና ከዘበኛ ጋር በአንድ ላይ ልጠራ እንዴ? የፈለገኝ በስሜ ይጥራኝ!»

«ኧረ አቶ ልሳኑ፣ እሱ ሌላም ሥራ አለው። በስምዎ የሚልክልዎት ራሱ መጀመሪያ...»

«ምንትዋብ! አስተምሪኝ አልኩሽ?»

እስቲ አሁን ይኼ ምን ይባላል? ቃሏን ቢያስጨርሳት ምን ነበረበት! እሷም እምቢ ማለት ሲገባት ፈራች። ማጣሪያውን እንዳለው ዘጋችለት፤ የሳጥኑም ማስጠንቀቂያ ለእሱ ኮምፒውተር በአድራሻው እንዲላክ አደረገች። ሲሞክሩት ወዲያው ደረሰ። «አየሽ? ወግ ማለት ይኼ ነው!» አለና እየተንጎራደደ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ሳጥኑ ውስጥ የማን እንቁላል እንደነበረ ልንገራችሁ። ያን ዓመት ፈንግል ገብቶ የወንዝ ማዶ ሴቶችን ዶሮ ጠራርጎ ጨርሶት ነበር። ከሞት የተረፉት ጥቂቶቹ የጣሉትን እንቁላል ለታመመ ልጅ እንኳ ሳይጠብሱ፣ በጭድ ውስጥ እያስቀመጡ አጠራቅመው ነው ያመጡልን። የማኅበራቸው ሰብሳቢ እትዬ ጌጤነሽ ሲያስረክቡን «የቀረን ዘር ይኸው ነው፤ አደራ በሰማይ አደራ በምድር!» ብለውን ነበር። እነዚያን እንቁላሎች የጣሉት ዶሮዎችም ከዚያ በኋላ ሞቱ።

ሊፈለፈል ትንሽ ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት መብራት ጠፍቶ መጣ። መብራት መጥፋቱስ ምን አዲስ ነገር አለው? ሳጥኑ እንደገና ሲነሳ ግን ማራገቢያው አልዞር አለ፤ ማሞቂያው ሥራውን ቀጠለ። የዕለቱ ተረኛ ራሱ አቶ ልሳኑ ነበር። ሌላ ሰው ቢሮ አልገባም፤ የኛም ኮምፒውተሮች እንደተዘጉ ናቸው። እሱ ሆዬ መብራት እንደመጣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ ፊት ለፊቱ ተደላድሎ ኳሱን ያያል። አንድም ማስጠንቀቂያ አልመጣለትም። ሲመሽ ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ቆልፎ ወጣ። ተነስቶ ግቢውን ቢሻገር እግሩ ይሰበር ነበር?

ሰኞ ጠዋት የሳጥኑን በር ስከፍት ሽታው ወደ ኋላ መለሰኝ። አንዱን ቅርፊት ሰነጠቅኩት፤ ላባዋ የበቀለ ጫጩት አፏን ከፍታ ደርቃለች። ሌላ ሰነጠቅኩ፣ ያው ነው። ምን ልደብቃችሁ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሴቶቹ ሰምተው አቶ ልሳኑ ቢሮ ድረስ መጡ፤ እኔም ከደረቁት ጫጩቶች አንዷን ይዤ ገባሁ። አቶ ልሳኑ ያፈረ ይመስላችኋል? ምን ሲደረግ! ዓይኑን በጨው ታጥቦ «የማሽን ስህተት ነው። በስሜ እንዲጠራኝ ታዟል፤ አልጠራኝም፤ እኔ ምን ላድርግ?» አላቸው።

ምንትዋብ ይኼን ስትሰማ አላስቻላትም።

«ኧረ እስኪመሽ ድረስ ሲፈልግዎ ነው የዋለው!» አለች። «መብራት ሲጠፋ ሳጥኑ የእርስዎ ኮምፒውተር የትኛው እንደሆነ ረሳ። እንግዳ ሰው መንደር ገብቶ ‹የእገሌ ቤት የቱ ነው?› ብሎ እንደሚጠይቀው፣ እሱም ‹የአቶ ልሳኑ የትኛው ነው?› እያለ ለሁሉም ሲጣራ ዋለ። ‹እኔ ነኝ› ብሎ መመለስ ያለበት የእርስዎ ኮምፒውተር ነበር። እርስዎ ደግሞ ለሁሉም የተባለ እንዳይሰማኝ ብለው አስዘጉኝ! የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ ነው የዘጋሁት፤ እኔም ከጥፋቱ አልወጣም።»

ከሴቶቹ አንዷ «ዘራችንን ጨረስከው!» ብላ ጮኸች። እትዬ ጌጤነሽ በእጃቸው ዝም አሰኟትና ወደ ምንትዋብ ዞሩ።

«ስሙን ይዞ ሲፈልገው ዋለ ነው የምትይኝ፣ ልጄ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«መልስ ያጣውም ለሁሉም የተባለውን አልሰማም ስላለ ነው?»

«አዎ።»

እትዬ ጌጤነሽ የደረቀችውን ጫጩት ከእጄ ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ፣ ልክ ከፊቱ አስቀመጡለትና «ስማ አንተ ሰውዬ» አሉት፤ «የመንደር ጥሪ የናቀ፣ ከገዛ ስሙ ራቀ።»