አራተኛው ተቀባይ

አንድ ጠንክር የሚባል ሙዚቃ አቀናባሪ ነበር። ሦስት ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ አንዱ ከበሮ ይመታል፣ አንዱ መሰንቆ ይገዘግዛል፣ አንዱ የዘፋኝ ድምፅ ይቀዳል። እርስ በርስ በኬብል አስተሳስሯቸዋል። ያ ኬብል ቢዘረጋ ጎንደር ደርሶ ለመቀነት የሚሆን ይተርፈዋል። ሥርዓታቸው እንደ ሠርግ ቤት ዘፈን ነው፤ ከበሮው ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ።

ጠንክር አንድ ክፉ አመል ነበረው። ከኮምፒውተሮቹ ጋር ልገናኝ የሚል አዲስ እንግዳ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ፣ ስሙን ሳያነብ «ይግባ» የሚለውን ይጫናል። ጅብ በሩን ቢያንኳኳ ወንበር የሚስብለት ሰው ነው።

አንድ ቀን ትርንጎ የምትባል ዘፋኝ ልትቀዳ መጣች። ድምጿ እንጀራዋ ነው፤ ስትዘፍን የጎረቤት ዶሮዎች ያለ ቀናቸው እንቁላል ይጥላሉ። አንድ ስንኝ እንዳወጣች ከድምፅ ማጉያው ጥርት ያለ የሴት ድምፅ ተቀበላት።

«ጠንክር፣ ማንን ደብቀህ ነው?»

«ኮምፒውተሩ ነዋ።»

«ኮምፒውተር ትንፋሽ ይስባል እንዴ?»

«የእኔ ይስባል። አምሮልሻል፣ ምን ትነዘንዢኛለሽ?»

እውነትም አምሮ ነበር። ተዉት።

ከዚያ በኋላ በመጣች ቁጥር ተቀባዩ ይፈጥናል። መጀመሪያ ከኋላዋ፣ ቀጥሎ እኩል፣ በመጨረሻ እሷ አፏን ሳትከፍት፤ ያውም በሆዷ ብቻ ያለውን፣ ለማንም ያልዘፈነችውን ስንኝ። የእሷ ድምፅ ደግሞ እየሳሳ ሄዶ የትንኝ ያህል ቀረ።

«ጠንክር፣» አለች በሹክሹክታ፣ «አሁን የሚያወጣው ማነው?»

ስክሪኑን አየ። ከበሮውም መሰንቆውም የአራተኛ እንግዳን ምት እየጠበቁ ነው የሚሄዱት። በስሙ ቦታ ምንም የለም። ጠንክር ኬብሎቹን ሲቆጥር አንድ ትርፍ አገኘ። ተከተለው፤ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ከግድግዳው ጀርባ ባዶ ሜዳ ነው። ኬብሉን ሲነካው እንደ ላም ጡት ሞቋል።

ሁሉንም ነቃቀለ፣ መብራቱንም ቆረጠ። ዘፈኑ ግን ስንኙን ሳይጨርስ አላቆመም።

ከዚያ መብራቱን መልሶ፣ ሦስቱን ኮምፒውተሮች ስማቸውን እያነበበ አንድ በአንድ አገናኘ። ትርፉ ኬብል መሬት ላይ ተጥሏል። ስክሪኑ ላይ ግን ያው ጥያቄ መጣ፦ «ልግባ?»

«ማነህ አንተ?» አለ ጠንክር።

መልሱ ከድምፅ ማጉያው በትርንጎ ድምፅ መጣ። ትርንጎ አፏን ዘግታ አጠገቡ ቆማለች።

«እስከ ዛሬ ሳትጠይቀኝ አስገባኸኝ። ዛሬ ምን ተገኘ?»

ጠንክር «አይገባም» የሚለውን ተጫነ። የትርንጎ ድምፅ ተመለሰ፤ ግማሹ ብቻ። ሌላው ግማሽ እስካሁን ሜዳው ላይ ይዘፍናል፣ በዚያ የሚያልፍ በሬም ጆሮውን ጥሎ ነው የሚያልፈው።

ወገኖቼ፣ ማንነቱን ሳንጠይቅ ያስገባነው ነገር ተቀባይ ሆኖ አይቀመጥም፤ ውሎ አድሮ አውጪ ይሆናል፣ እኛም ተከትለን እናጨበጭባለን። እስቲ በየቤታችሁ ዘፈኑን የሚያወጣው ማነው? ስትመልሱ ግን ቀስ በሉ፤ ቀድሟችሁ የሚመልስ እንዳለ አዳምጡ።