ያልተቆለፈው ኮምፒውተር

በአንዲት ከተማ የስልክ መተግበሪያ እየሠራ የሚሸጥ ሰው ነበረ።

ሼህ ይመር እንዲህ ብለው የጀመሩት ለራህመት ጥያቄ መልስ ሊሰጡ ነው። ራህመት ኮምቦልቻ ውስጥ የስልክ መጠገኛ ሱቅ አላት። ታናሽ ወንድሟ አብሯት ይሠራ ነበር፤ አንድ ቀን ደንበኛ ለጥገና የተወውን ስልክ ሸጦ ጠፋ። አሁን ተመልሶ መጥቷል። «አባባ፣ እናቴ ‹ወንድምሽ ነው፣ መልሺው› ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ ‹ሱቁ አጠገብ እንዳላየው› ይላል። የሱቁን ቁልፍ ልስጠው ወይስ ልከልክለው?» አለቻቸው፣ ሱቋ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ። ሼሁ ስጪውም አትስጪውም አላሏትም። ይህን ነገሯት።

ሰውየው ኮምፒውተር የለመደው በሰው ኮምፒውተር ነው። ኢንተርኔት ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት እየነካካ፣ ሲበላሽበት እየደነገጠ፣ መልሶ እያስተካከለ ተማረ። በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃ በጨረታ ሲያወጣ አንድ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ገዛ። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ሲግል ደግሞ ቀጥ ይላል። ሰውየው ግን ይወደዋል። የጎን ክዳኑን አውልቆ፣ ቬንትሌተር ከአጠገቡ አስቀምጦ ይሠራበት ነበር።

በዚያ ኮምፒውተር ለመንጃ ፈቃድ ተፈታኞች የሚሆን መተግበሪያ ሠራ። ተፈታኙ ስልኩ ላይ ጥያቄውን ያነባል፣ መልስ ይመርጣል፣ ስህተቱን ያያል። ሰዎች ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀባበሉ ይጭኑታል፤ ከወደዱት ይደውሉለትና ከፍለው የመክፈቻ ቁጥር ይቀበላሉ። አለቃ የለውም፣ ደመወዝም የለውም፤ ስልኩ ከጮኸ ይበላል፣ ካልጮኸ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ገዢ የደወለለት ቀን ከደስታው ብዛት ቁጥሩን አሳስቶ ሰጠው። ገዢው መልሶ ደውሎ ሲቆጣው እንኳ እየሳቀ ነበር የሚያዳምጠው። «እኔ የሠራሁትን ነገር የማላውቀው ሰው ፈለገው» ብሎ አላህን አመሰገነ።

እዚያው ሰፈር ሌላ ሰው ነበረ። እሱም የመንጃ ፈቃድ መተግበሪያ ይሠራል፤ እንዲያውም ቀድሞ የጀመረው እሱ ነው። ይህ ሰው ሥዕል ይችላል። የመንገድ ምልክቶቹን አንድ በአንድ በእጁ ስሎ ነው ያስገባቸው፤ ሲያዩዋቸው ጥርት ያሉ፣ የማያሳስቱ ነበሩ። የመጀመሪያው ሰው ደግሞ ሥዕል አይሆንለትም። ገዢዎቹ እየደወሉ «ይሄ ላም ነው ወይስ ጠረጴዛ?» ይሉታል።

እና አንድ ቀን የጎረቤቱን መተግበሪያ ፈታታና ሥዕሎቹን አውጥቶ የራሱ ውስጥ ከተታቸው። ከልካይ አልነበረውም። ገዢው በዛ። ሥዓሊው ግን አንድም ቃል አልተናገረም። ሰውየውም «ባያውቅ ነው ዝም ያለው» ብሎ ራሱን አሳመነ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ማመን አቃተው። ውሃ ሊቀዳ ሲነሳ ኮምፒውተሩን ይቆልፋል። እንግዳ ሲገባ ስክሪኑን ወደ ግድግዳ ያዞራል። የይለፍ ቃሉን ቶሎ ቶሎ ይቀይርና ራሱ ይረሳዋል። አብሮ አደጎቹ «ምን ሆነሃል?» ሲሉት ይቆጣል። እሱ በሰው ላይ ያደረገውን ሌላው በእሱ ላይ የሚያደርግበት እየመሰለው፣ በገዛ ቤቱ ዘበኛ ሆኖ ተቀመጠ።

በዚህ መካከል ባጃጅ መንዳት የሚሰለጥኑ ሴቶች ወደ እሱ መጡ። አብዛኞቹ ዓረብ አገር ሰው ቤት ሲሠሩ ኖረው የተመለሱ ናቸው። ዘምዘም የምትባለው ስለ ሁሉም ሆና ተናገረች።

«ወንድሜ፣ መንዳቱንስ ለምደነዋል። ያቃተን ወረቀቱ ነው። ትምህርት የተውነው ገና በልጅነታችን ስለሆነ፣ አንዱን ጥያቄ አንብበን ሳንጨርስ ጭንቅላታችን ይደክማል። ይሄ የሠራኸው ነገር እያነበበ ቢያሰማን፣ በጆሯችን እየሰማን በዓይናችን ፊደሉን እየተከተልን እናጠናው ነበር።»

«ፈተናውን ብትወድቁስ?» አላት።

«ባጃጁን የሚያበድረን ማኅበር ፈቃድ ያላመጣችውን አይጠብቅም፤ ለሌላ ይሰጠዋል። ያን ጊዜ ወዴት እንደምንሄድ ታውቃለህ። ተመልሰን ወደ ሰው ቤት ነው።»

ሰውየው እሺ አለ። ጥያቄዎቹን በራሱ ድምፅ እያነበበ ቀረጸ። ጉሮሮው እስኪደርቅ ሠራ፤ ጥሩም ሆነለት።

ፈተናው ሲቃረብ መብራት ሄደ። ሲመለስ ግን በኃይል ነበር የመጣው። ኮምፒውተሩ ጧ አለ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ ያ ሁሉ ጩኸት በአንዴ ጸጥ አለ። የሥራው ቅጂ ፍላሽ ላይ ነበረው፤ ነገር ግን በምን ይክፈተው? ኢንተርኔት ቤት ሄደ፤ እዚያ ያሉት ኮምፒውተሮች ደካሞች ስለሆኑ የሚሠራበትን ፕሮግራም መሸከም አቃታቸው። ከወዳጆቹ ሊዋስ አሰበ፤ ግን የትኛው ወዳጅ ቀርቶታል? ሁሉንም ሲጠረጥር ነው የከረመው። ዘምዘም ስትደውል ስልኩን ማንሳት አፈረ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ከፈተ። ሥዓሊው ነው። ያካፋ ነበርና ላፕቶፑን በጃኬቱ ሸፍኖ ታቅፎታል።

«ማሽንህ ተቃጠለ አሉ» አለው።

«አዎ፣ ተቃጠለ።»

«የሴቶቹም ፈተና ደርሷል አሉ። እኔ አክስቴ ሞታብኝ ለለቅሶ ገጠር መውጣቴ ነው። እስክመለስ በዚህ ሥራበት።»

ገባና ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«የይለፍ ቃሉስ?» አለ ሰውየው።

«የለውም። ስትከፍተው ይከፈታል።»

«ሥራህ ሁሉ እዚሁ ውስጥ አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ። ገና ያላወጣሁት አዲሱም አለ። እሱ እዚያው ይቀመጥ፣ ቦታ አያጣብብህም።» መኪናው እንዳያመልጠው ይህን እየተናገረ ወጣ።

ሰውየው ላፕቶፑን ከፈተው። እውነትም አልተቆለፈም። የሥዓሊው ሥራ ሁሉ ፊት ለፊት ተደርድሯል። ‹አዲሱ› የሚል ፎልደር መሐል ላይ ተቀምጧል። ቢከፍተው የሚያይ የለም፤ ቢቀዳውም የሚያውቅ የለም። እጁ ወደዚያው ሄደ። ከዚያ መለሰው።

እጁን የመለሰው ፈርቶ አይደለም። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ሰው አምኖት ሄዷል። ይህ ነገር ደረቱ ውስጥ ሞቅ አለው፤ እንዳይበርድበት ሳሳ። የሆነውን እንዲህ ብሎ ነው በኋላ ለሰው የነገረው፤ «ፎልደሩን ብከፍት ሥዕል አገኝ ነበር። ያንን ሙቀት ግን አጣው ነበር።»

ፍላሹን ሰክቶ የሴቶቹን ሥራ አወጣ። ሲያወጣው ግን ሌላ ነገር ገጠመው። ያ የሰረቀው ሥዕል ሁሉ በስክሪኑ ላይ ተዘረገፈ። የሥዓሊውን ሥዕል ሰርቆ፣ በሥዓሊው ኮምፒውተር ላይ፣ ሥዓሊው ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሊሠራበት ነው። ፊቱ ጋለ። ማንም ሳያየው አፈረ።

ሥዕሎቹን አንድ ባንድ ሰረዛቸው። ሲጨርስ መተግበሪያው እንደተላጨ ራስ ባዶ ሆነ። ፈተናው ደግሞ ደርሷል።

ያን ጊዜ ለዘምዘም ደወለ። «እኅቴ፣ ስልክ ባለማንሳቴ ይቅርታ። ሥራው አለ፤ ምልክቶቹ ግን የሉም። የሌላ ሰው ሥዕል ነበሩ፣ አወጣኋቸው። ከተማው ውስጥ ያለውን የመንገድ ምልክት ሁሉ በስልኬ ፎቶ ማንሳት አለብኝ። እግሬ ግን አያደርሰኝም።»

ዘምዘም «እግር እኛ አለን» አለችው።

አሰልጣኙን ለምነው የመማሪያውን ባጃጅ ይዘው መጡ። አሰልጣኙ ይነዳል፣ ሰውየው ከኋላ በሁለት ሴቶች መካከል ተጣቦ ተቀምጦ ፎቶ ያነሳል። አንዱ ምልክት ፀሐይ መጦት ነጥቷል፤ ሌላው አዘንብሎ ሰማይ ያሳያል። ‹እንስሳት ያቋርጣሉ› የሚለው ምልክት እንጨት ላይ አንድ ሰው ፍየል አስሮበታል። ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሰውየውም ፍየሏን ጨምሮ አነሳው። «እንዲህ ከሆነማ ይሄንን ጥያቄ የሚስት የለም» አሉ። በየመንገዱ ሲያልፉ የምልክቱን ትርጉም ጮክ ብለው እየተጠያየቁ፣ ገና ሳይፈተኑ ግማሹን ያዙት።

ከተማው ውስጥ ያልተገኙትን ምልክቶች ራሱ ሳላቸው። አያምሩም። የማይታወቀውን በድምፁ «ይህ የባቡር መንገድ ነው» እያለ አብራራ። በሩን ከፍቶ ነበር የሚሠራው፤ ሰው ሲገባ ስክሪኑን ማዞር ረሳ። ሲጨርስ የሴቶቹ ስልክ ላይ ጫነላቸው። ቀድሞ ለገዙትም ሁሉ አዲሱን ላከና «በፊት የነበሩት ሥዕሎች የእኔ አልነበሩም፤ የጎረቤቴ ነበሩ» ብሎ ጻፈላቸው። አንዳንዱ ሰደበው፤ አንዳንዱም ሥዕሉን ፍለጋ ወደ ጎረቤቱ ሄደ። አልከፋውም።

ከሴቶቹ አብዛኞቹ ፈተናውን አለፉ። የወደቁም ነበሩ፤ ጓደኞቻቸው ማኅበሩን ለምነው አስጠበቁላቸውና ደግመው ተፈትነው አለፉ። ዘምዘም ፈቃዷን ያገኘች ቀን በሰውየው በር ላይ ጥሩምባ እየነፋች አለፈች፤ ቆማ ልታመሰግነው ፈልጋ ሳለ ተሳፋሪ ተቆጥቷት ነው የሄደችው።

ሥዓሊው ከለቅሶ ተመለሰ። ሰውየው ላፕቶፑን ጠርጎ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ይዞለት ሄደ። ገና ሳይቀመጥ ተናገረ።

«ሥዕሎችህን የሰረቅሁህ እኔ ነኝ» አለው።

«አውቃለሁ» አለ ሥዓሊው።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«መተግበሪያህ ውስጥ ያወጣሃቸው ዕለት። ሰው የገዛ ልጁን ያጣዋል?»

ሰውየው ቆሞ ቀረ። «እያወቅህ ነው ታዲያ ሁሉን ነገርህን ሳትቆልፍ የሰጠኸኝ? ቢያንስ አዲሱን አታወጣውም ነበር?»

«መጀመሪያ ላይማ ላወጣው አስቤ ነበር» አለ ሥዓሊው። «በጣም ነበር የተናደድኩብህ። ቤትህ መጥቼ ልጣላህም አስቤ ነበር። ግን መንገድ ላይ ከሩቅ ስታየኝ ወደ ሌላው ጥግ ትሻገር ነበር። አንድ ቀን እኔን ሽሽት ጭቃ ውስጥ ስትገባ አየሁህ። የማያፍር ሰው ቢሆን አጠገቤ መጥቶ ‹እንዴት አደርክ› ይለኝ ነበር እንጂ ጭቃ አይገባም። ይሄ ሰው የሚመለስበት በር አጥቶ ነው አልኩ። ሥራዬን አውጥቼ ባዶውን ላፕቶፕ ብሰጥህ ኖሮ፣ የማልፈልገውን ዕቃ ነበር የምሰጥህ። በሩ ግን እንደተዘጋ ይቀራል።»

ሰውየው አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው መሥራት ጀመሩ፤ አንዱ ይስላል፣ አንዱ ይሠራል። ሰውየው ሌላ ኮምፒውተር ገዛ፣ ብዙ መተግበሪያም ሸጠ፤ ትልቅ ሰው ሲሆን ምስጋናውን ሲያቀርብ ግን ሁልጊዜ የሚያነሳው ያንን ቀን ነበር። «ላፕቶፕማ ሌላም ሰው ሊያውሰኝ ይችል ነበር» ይል ነበር። «እኔ የማመሰግነው ውስጡ የተተወልኝን ነው።»

ሼህ ይመር ይህን ከነገሯት በኋላ ወደ ራህመት ዞሩ።

«ልጄ ራህመት፣ ሱቅሽ ያ ላፕቶፕ ነው። ወንድምሽም ያ ሰው ነው። ቁልፉን ስትሰጪው ዕቃውን ሁሉ አሽሽተሽ፣ ባዶ መደርደሪያ ትተሽለት ከሆነ፣ የሰጠሽው ብረት ነው። የምትሰጪው ከሆነ ከነዕቃው ስጪው። ወንድምሽን ሊመልሰው የሚችለው ይኸው ነው።»

«ዳግመኛ ቢወስድብኝስ አባባ?»

«ትጎጃለሽ። ይህን አልደብቅሽም። ያም ሰው ፎልደሩን ቢከፍት ኖሮ ሥዓሊው ይጎዳ ነበር፤ አውቆ ነው የሰጠው። ግን ልብ በይ፤ ለሁሉም ሰው አልሰጠም። ማፈሩን ካየ በኋላ ነው የሰጠው። አንቺም መጀመሪያ እሱን ነው ማየት ያለብሽ። ወንድምሽ አሁን የት ነው?»

ራህመት ወደ ውጭ ተመለከተች።

«እዚያ ማዶ፣ ግድግዳው ጥግ» አለች። «ከመጣ ጀምሮ በየቀኑ እዚያ ይቆማል። ግባ ስለው አይገባም፤ ሂድ ስለውም አይሄድም። ሱቁን ስዘጋ በሩ ከብዶኝ ካየ ብቻ መጥቶ ይገፋልኝና፣ ዓይኔን ሳያይ ተመልሶ ይቆማል።»

«ታዲያ ልጄ» አሏት ሼህ ይመር «እኔን ለምን ጠየቅሽኝ?»

ራህመት ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ ማዶ ተሻገረች።